ባለቤቱ ሲሄድ የማይዘጋ ሱቅ፦ በዓላማ የሚመራ የረጅም ጊዜ የንግድ አመራር



በመድረኮቻችን ላይ ስለ አሥራትና ስለ መባ ብዙ ጊዜ እንሰብካለን። አሥራቱ ስለሚወጣበት ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት፣ የእህል መጋዘን ወይም የሰንጋ ማድለብ ሥራ አመራር ግን ጥቂት ብቻ እንናገራለን። ስለዚህ ብዙ ምእመናን በአገልግሎት ተተኪ ስለ ማፍራት ደጋግመው ቢሰሙም በንግዳቸው ማን እንደሚተካቸው አስበው አያውቁም። ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት በጥቂቱ ለመሙላት የተዘጋጀ ነው።

ከአንድ ጥያቄ እንነሣ። ንግድ ያላችሁ ወገኖች፣ ነገ በጠና ብትታመሙ ወይም ጌታ ወደ ራሱ ቢወስዳችሁ፣ ሱቃችሁ ከስድስት ወር በኋላ ክፍት ሆኖ ይገኛል? ማን ዱቤ እንደ ወሰደ፣ ዕቃው ከማን እንደሚመጣ፣ የባንኩ ብድር ስንት እንደ ቀረ ከእናንተ ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ? ስለ አመራራችን ብዙ የሚናገረው የዕለቱ ሽያጭ ሳይሆን ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ነው።

በዓላማ የሚመራ የረጅም ጊዜ አመራር ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሦስት ነገሮችን ማለታችን ነው። አንደኛ፣ ንግዱ ከትርፍ በላይ ማንን ለማገልገል እንደ ቆመ ባለቤቱም ሠራተኛውም ያውቃሉ። ሁለተኛ፣ ውሳኔ ሲወሰን ለዚህ ሳምንት ገበያ ብቻ ሳይሆን ለአሥርና ለሃያ ዓመት ይታሰባል። ሦስተኛ፣ መሪው ሥራውን የሚረከብ ሰው ገና ጤናና ጉልበት እያለው ያዘጋጃል። ትርፍ ኃጢአት አይደለም፤ ያለ ትርፍ የሚቆም ንግድም የለም። ነገር ግን ትርፍ ብቻውን ዓላማ ሲሆን ባለቤቱ ሲደክም ወይም ሲሞት ሌላው ሰው የሚቀጥለው ነገር አያገኝም። ያን ጊዜ የሚቀረው ንብረት መካፈል ብቻ ይሆናል።

ጉዳዩ ቦዲቲን ለምን ይመለከታል?

ቦዲቲ ከወላይታ ሶዶ ወደ ሀላባና ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የዳሞት ጋሌ አካባቢ የገበያ ከተማ ናት። የገጠሩ ሰው ያመረተውን ይዞ ይመጣል፣ የሚያስፈልገውን ሸምቶ ይመለሳል። የከተማዋ ኑሮ በአብዛኛው የተመሠረተው በዚህ ልውውጥ ላይ ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በወላይታ ዞን 1,501,112 ሰዎች ተቆጥረዋል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ350 ሰው በላይ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በዝቷል እንጂ አልቀነሰም። የአባት መሬት ለልጆች ሲካፈል እየጠበበ መጥቶ ብዙ ቤተሰብ ጓሮ የምታህል ቦታ ላይ ቀርቷል። ልጆቻችን ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ጫማ ለመጥረግና ሎተሪ ለማዞር ይሄዳሉ። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ያስመርቃል፤ ዲግሪውን ይዞ ቤት የተቀመጠ ወጣት ግን በየመንደሩ አለ። መሬት ሁሉንም ካልያዘና የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሁሉንም ካልቀጠረ፣ የቀረው ተስፋ የሚቆይና የሚያድግ ንግድ ነው። እንግዲህ ሦስት ሰው የሚያሠራ ወፍጮ ቤት ባለቤቱ ስለ ሞተ ብቻ ሲዘጋ የአንድ ቤት ኀዘን ብቻ አይደለም። የሦስት ቤት እንጀራ ነው የሚቋረጠው።

የእንሰት ጓሮ የሚያስተምረን

ረጅም ጊዜ አርቆ ማሰብ ለወላይታ ሰው ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። እንሰት የሚተክል ሰው በዚያው ዓመት አይበላውም። እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ጠባይ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። ችግኙ ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወራል፣ ፍግ ይደረግለታል፣ ይኮተኮትለታል። አስተዋይ ገበሬ ጓሮው ውስጥ የአንድ ዓመቱ፣ የሦስት ዓመቱና ለመፋቅ የደረሰው ጎን ለጎን እንዲገኙ አድርጎ ይተክላል። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይደርሳል። እናቶችም ፍቀው፣ ቆጮውን አብላልተው በጉድጓድ ያቆዩታል፤ ለክፉ ቀን ይደርሳል።

ይህን ወደ ንግድ ስናመጣው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ዛሬ የሚሸጥ ዕቃ አለ፤ በመጪው ዓመት ፍሬ የሚሰጥ ሥራ አለ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ኃላፊነት የሚወስድ፣ ዛሬ ግን ገና የሚማር ወጣት ሠራተኛ አለ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ በጓሮአችን መኖር አለባቸው። የደረሰውን ብቻ እየፋቀ አዲስ የማይተክል ገበሬ ለጥቂት ዓመት ጠግቦ ይበላ ይሆናል፤ በኋላ ግን ጓሮው ባዶ ይሆናል።

የዝንጅብል ትምህርት

ከዚህ ተቃራኒ የሆነውንም አይተናል። ዝንጅብል በቦሎሶ ቦምቤና በአጎራባቹ የከምባታ ጠምባሮ ወረዳዎች ለብዙ ዓመታት የገበሬውና የነጋዴው ዋና የገንዘብ ምንጭ ነበር። ዋጋው ጥሩ በነበረ ጊዜ ብዙ ሰው ያለውን ሁሉ በዝንጅብል ላይ አዋለ። እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ ግን በባክቴሪያ የሚመጣው የአጠውልግ በሽታ ተነሥቶ ማሳውን አጠፋው። በሽታው በአፈርና በተበከለ የዘር ዝንጅብል የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ምንጩ ያልታወቀ ዘር ከማሳ ወደ ማሳ በተወሰደ ቁጥር እየተዛመተ ሄደ። የሚበላሽ አንድ ምርት ብቻ የያዘ ሁሉ በአንድ ወቅት እጁ ባዶ ሆነ።

በሽታው የማንም ነጋዴ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን በጥጋቡ ዓመት ከትርፉ ጥቂት ያስቀመጠና ሁለተኛ ሥራ የጀመረ ሰው ተጎድቶ ተነሣ፤ ትርፉን ሁሉ አውጥቶ በላዩ ላይ የተበደረ ሰው ግን መነሣት አቃተው። የመሪ ሥራ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ መቼ እንደሚመጣ መሪው አያውቅም፤ እንደሚመጣ ግን ያውቃል፣ አስቀድሞም ይዘጋጃል።

መጽሐፍ ቅዱስ በዮሴፍ ታሪክ የሚያሳየንም ይህንኑ ነው (ዘፍ. 41)። ዮሴፍ የ30 ዓመት ሰው ሆኖ ያቀረበው ዕቅድ 14 ዓመት የሚሸፍን ነበር። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛው፣ ማለትም ከመቶ ሃያው፣ ተለይቶ በየከተማው እንዲከማች አደረገ። በጥጋብ ጊዜ ጎተራ መሥራት ለሚያየው ሰው ሞኝነት ይመስላል። የረጅም ጊዜ መሪ ይህን የሰው ትዝብት መታገሥ አለበት።

ሦስት ርክክቦች

የአመራር ፈተናው በርክክብ ጊዜ ስለሆነ ሦስት እውነተኛ ታሪኮችን እንመልከት። አንዱ የቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው የልማት ድርጅት፣ ሦስተኛው የንግድ ድርጅት ነው።

የመጀመሪያውን የምታውቁት ነው። የሱዳን ውስጥ ሚሲዮን አገልጋዮች ወደ ወላይታ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ኢጣሊያ አገራችንን ስትወርር እ.ኤ.አ. በ1937 ወላይታን ለቅቀው ለመሄድ ተገደዱ። የሚሲዮኑ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት በዚያ ጊዜ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን 10,000 ያህል አማኞች ጠበቋቸው። በመካከሉ እንደ ዋንዳሮ ያሉ መሪዎች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል፤ ጸሎት ቤቶችም ፈርሰዋል። እድገቱ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ይህን በአመራር ጥበብ ልናብራራው አንችልም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። ከመጀመሪያው ጀምሮ የወላይታ አማኞች በራሳቸው ሽማግሌዎች እንዲመሩ፣ የራሳቸውን ወጪ ራሳቸው እንዲችሉ፣ ወንጌሉንም ራሳቸው እንዲያደርሱ ተደርጎ ነበር። ባዕዳኑ ሲሄዱ አብሮ የሄደ ደመወዝ ስላልነበረ ሥራው አልቆመም።

ሁለተኛው ዋዱ ነው። ታላላቆቻችን አሁንም የሚያነሡት ይህ የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1970) በዓለም ባንክ ድጋፍ ተቋቋመ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር አቀረበ፤ በአበላ ቆላ ገበሬዎችን አሠፈረ፤ ለገበሬው ብዙ ዕውቀት ሰጠ። ሆኖም ኃይሉ ከውጭ በሚመጣ ገንዘብና በመንግሥት መዋቅር ላይ የተመሠረተ ነበር። አብዮቱ ከመጣ በኋላ ሁኔታው ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያም ራሱን የቻለ ድርጅት መሆኑ አከተመ። ጥቅሙን አንክድም፤ ዕውቀቱ በገበሬው እጅ ቀርቷል። ድርጅቱን ግን የእኔ ነው ብሎ የተረከበው የአካባቢ ባለቤት አልነበረም።

ሦስተኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1945 ተቋቁሞ፣ በኤፕሪል 1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። ሥራውን የጀመረው ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር ተዋውሎ፣ በአሜሪካውያን ሥራ አስኪያጆች እየተመራ ነበር። ዓላማው ግን ኢትዮጵያውያን ተምረው እንዲረከቡት ነበርና አብራሪና ቴክኒሻን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ተጀመረ። 25 ዓመት ያህል ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2010 ድርጅቱ እስከ 2025 የሚደርስ የ15 ዓመት ራእይ አወጣ። ራእዩ የተጀመረው በአቶ ግርማ ዋቄ የሥራ ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የተረከቡት አቶ ተወልደ ገብረማርያም ቀጠሉበት፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ አቶ መስፍን ጣሰው ተረከቡ። ሁለቱም ተተኪዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዚያው ድርጅት ያደጉ ናቸው። ሰዎቹ ሲለዋወጡ አቅጣጫው አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ2018 አየር መንገዱ 100ኛ አውሮፕላኑን የተረከበው በዚህ መንገድ ነው።

አየር መንገድ ትልቅ የመንግሥት ድርጅት ነው፤ የቦዲቲ ሱቅ ትንሽ የቤተሰብ ንግድ ነው። መጠናቸው አይወዳደርም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። የሚረከበው ሰው ከመረከቡ በፊት ስንት ዓመት አብሮ ሠርቷል?

የቆየ ንግድ በአገራችን ለምን አነሰ?

እዚህ ላይ ለአባቶቻችን ፍትሐዊ እንሁን። በ1967 ዓ.ም. በታኅሣሥ ባንኮችና የኢንሹራንስ ድርጅቶች፣ በጥር ብዙ ፋብሪካዎችና ኩባንያዎች፣ በየካቲት የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በመንግሥት ተወረሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያየ ትውልድ አርቆ ማቀድን ቢፈራ፣ ሀብቱን ቢደብቅ፣ መዝገብ መያዝን እንደ ወጥመድ ቢቆጥር አያስገርምም። ብዙዎቻችን ያደግነው በዚህ ፍርሃት ውስጥ ባደጉ ወላጆች እጅ ነው። ስለዚህ የዕለት ዕለቱን ብቻ መነገድ ስንፍና ብቻ ሳይሆን የተማርነው ጥንቃቄም ነበር።

ዛሬ ሕጉ ሌላ በር ከፍቷል። የ1952ቱን የንግድ ሕግ በከፊል የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። ቀድሞ ለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ማኅበር የራሱ ሰውነት ስላለው የድርጅቱ ንብረትና የባለቤቱ የግል ንብረት ተለይተው ይታወቃሉ። ለሁሉም ሱቅ ይህ ያስፈልጋል ማለት አይደለም፤ ሠራተኛ ቀጥሮና ተበድሮ የሚሠራ ሰው ግን ስለ ጉዳዩ የሕግ ባለሙያ ቢያማክር ይጠቀማል።

ዓላማን በጽሑፍ ማስቀመጥም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። በእንግሊዝ አገር የክዌከር አማኞች የሆኑት የካድበሪ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1879 የቸኮሌት ፋብሪካቸውን በርሚንግሃም አጠገብ ወዳለው ቦርንቪል አዛወሩ። ጆርጅ ካድበሪ ሰው በንጹሕ ቤትና ከአትክልት ቦታ ጋር እንዲኖር መንደር ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1900 መንደሩን ለአደራ ተቋም በጽሑፍ አስረከበ። የቸኮሌቱ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ፤ የመንደሩ አደራ ግን ዛሬም ይሠራል። በጽሑፍ የተያዘው ዓላማ ከኩባንያው ይልቅ ዘልቋል።

ከየት እንጀምር?

1. ዓላማችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ፣ “ይህ መጋዘን የገበሬውን እህል በእውነተኛ ሚዛን ገዝቶ ለከተማው የሚያቀርብ ነው” ብላችሁ ልትጽፉ ትችላላችሁ። ሠራተኛው ያንብበው። ሚዛን ማጭበርበር በእግዚአብሔር ሕግ ፊት ምን እንደሆነ ዘሌ. 19፥35-36ን አንብቡ። ዓላማው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሚዛኑ ቢያጎድል ግን ሠራተኛው የሚማረው ከሚዛኑ ነው።

2. የሱቁን ገንዘብና የቤቱን ገንዘብ ለዩ። ለራሳችሁ የወር ደመወዝ ቁረጡ። የልጅ ትምህርት ቤት፣ የእድርና የሠርግ ወጪ ከካዝናው በየቀኑ የሚወጣ ከሆነ ንግዱ ያተርፍ ወይም ይከስር ማንም አያውቅም።

3. መዝገብ ያዙ። ምሳሌ 27፥23 የመንጋችንን ሁኔታ ጠንቅቀን እንድናውቅ ይመክረናል። ገቢ፣ ወጪ፣ ዱቤና ዕዳ የተጻፈበት አንድ ደብተር ለባለቤቱ መታሰቢያ፣ ለተተኪው ደግሞ መሪ ነው። በጭንቅላት የተያዘ ሒሳብ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

4. ለክፉ ቀን አስቀምጡ። ከመቶ ሃያ ቢከብዳችሁ ከመቶ አምስት ጀምሩ። እቁብ ለመሰብሰብ ይረዳል፤ ነገር ግን የእቁቡ ዕጣ በወጣ ቀን ገንዘቡ ሁሉ ለአዲስ ዕቃ ወይም ለድግስ ከሄደ መጠባበቂያ አልሆነም።

5. ተተኪውን ዛሬ አሠልጥኑ። ተተኪ የግድ የበኩር ልጅ መሆን የለበትም። ብዙ ጊዜ ሱቁን በደንብ የምታውቀው ሚስት ናት፤ አንዳንድ ጊዜ ሴት ልጅ ወይም ታማኝ ሠራተኛ ይሆናል። ሙሴ የሚተካውን ሰው እግዚአብሔር እንዲሾም ራሱ ለመነ (ዘኁ. 27፥15-17)፤ የተሾመውም ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲያገለግለው የነበረው ኢያሱ እንጂ ልጁ አልነበረም። በዓመት አንድ ወር ሱቁን ለተተኪው ትታችሁ ዞር በሉ። ስሕተት ሲሠራ እናንተ በሕይወት እያላችሁ ቢሠራ ይሻላል።

6. ኑዛዜ አድርጉ። ኑዛዜ ሞትን አይጠራም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል። በለቅሶ ማግስት ወንድማማቾችን ፍርድ ቤት የሚያቆመው ክፋት ብቻ አይደለም፤ ያልተነገረ ነገር መብዛቱም ነው።

ማቀድ አለማመን ነውን?

አንዳንድ ቅን ወገኖች “ነገ የጌታ ነው፣ ለምን ሃያ ዓመት እናቅዳለን?” ይላሉ። ያዕቆብ 4፥13-15 የሚገሥጸው ማቀድን ሳይሆን ያለ ጌታ ፈቃድ በነገ መመካትን ነው። ጌታችን ራሱ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28-30)። ደግሞም ተተኪ የሚያዘጋጅ ሰው ነገ በእጁ እንዳልሆነ የተረዳ ሰው ነው። እኔ ሁልጊዜ እኖራለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ተተኪ አያስፈልገውም።

መክብብ 2፥18-19 ሌላ እውነት ይጨምራል፤ የደከምንበትን የሚረከበው ሰው ጠቢብ ይሁን ሰነፍ እናውቅም። ተዘጋጅተን የሰጠነውም ሊበላሽ ይችላል። ይህ ግን ከማዘጋጀት አያሳርፈንም፤ አደራ ተቀባዮች እንጂ የመጨረሻ ባለቤቶች እንዳልሆንን ያስታውሰናል እንጂ።

ለቤተ ክርስቲያን መሪዎች

በመጨረሻ ለእኛ ለመጋቢዎችና ለሽማግሌዎች አንድ ቃል አለኝ። ለጸሎት ቤት ቆርቆሮ የሰጠውን ነጋዴ በጉባኤ ፊት እናመሰግናለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን ያው ነጋዴ ለተሸካሚውና ለወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ደመወዝ በጊዜው ከፍሎ እንደሆነ እንጠይቀዋለን? ያዕቆብ 5፥4 የተያዘ ደመወዝ በእግዚአብሔር ፊት እንደሚጮኽ ያሳስበናል። ሠራተኛውን የሚበድል ንግድ ተተኪ አያፈራም፤ የሠለጠነው ሁሉ ጥሎት ይሄዳልና። ደግሞም ለግንባታ ስንለምን ነጋዴው መጠባበቂያውን አራግፎ እንዲሰጥ አንጫነው። ዘንድሮ ሁሉን ሰጥቶ በመጪው ዓመት ከሚዘጋ ሱቅ ይልቅ ሃያ ዓመት በታማኝነት የሚሰጥ ሱቅ ለጉባኤውም ለከተማውም ይበጃል።

እናንተም ወገኖቼ፣ ይህን ካነበባችሁ በኋላ ዛሬ ማታ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ዱቤ የወሰዱትን ሰዎች ስምና የብድሩን ቀሪ ብቻ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። የቀረውን በሚቀጥለው ሳምንት ትቀጥሉበታላችሁ።

ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ። አሜን።